በውርወራ የሚሰጥ ምጽዋት የለም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የጎጃምን ጎዳና የያዘ መንገደኛ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ፣ መንገዱ የሰሜን ሸዋን ደጋ እያቋረጠ የእንሳሮ ወረዳ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ለሚ ያደርሰዋል፤ ከለሚም ወዲያ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርድና የጀማን ወንዝ በድልድይ ተሻግሮ እንደ ገና ሽቅብ በመውጣት ከመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ይገባል። በዚህ መንገድ ገበሬው አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ ይሄድበታል፤ ተማሪው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይመላለስበታል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህም ከባድ የጭነት መኪና ይበዛበታል። በሰላም ጊዜ ደግሞ ጭላዳውንና በአባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ የሚገኘውን ቆቅ ለማየት የሚመጡ እንግዶች፣ ከእነርሱም ጋር ብርቱ እግርና ብርቱ ልብ ያላቸው ብስክሌተኞች ያልፉበታል።

ብስክሌተኛው በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሲያልፍ ከሁሉ ይልቅ ለጉዳት የተጋለጠ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሌላውን ለጉዳት ማጋለጥም እንደሚችል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እርስ በርሳችን የምንቀባበላቸው ምክሮች አሉ፤ አንዱ ለአንዱ ሲነግረው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ሲያስተላልፈው፣ ማንም ሳይመረምራቸው እንደ ሕግ ጸንተው የቀሩ ናቸው። ከእነርሱም አንዱ የሕፃን ሕይወት የሚያጠፋ ስለ ሆነ ሰፊውን ስፍራ ለእርሱ ሰጥቼ ሌሎቹን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ።

ተረት፦ በመንገድ ዳር ለሚጮኹ ሕፃናት ባዶ ጠርሙስ፣ ከረሜላ ወይም ሳንቲም እየወረወሩ ማለፍ በጎ ሥራ ነው፤ ልጆቹንም ያስደስታል፣ መንገዱንም ሰላም ያደርጋል።

እውነታ፦ ሕፃኑን ወደ ጎማ ይጠራዋል፤ መንገዱንም ለሚከተለው መንገደኛ ያከፋዋል።

የዚህ እምነት ሥሩ ክፉ እንዳልሆነ አስቀድሜ መመስከር ይገባኛል። ሕዝባችን ምጽዋትን ከጾምና ከጸሎት ጋር አስተባብሮ የያዘ፣ እጁን ዘርግቶ የለመነውን ሰው ባዶ እጁን መስደድ የሚከብደው ሕዝብ ነው። ልጆቹ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚጮኹለት ባዶ የውሃ ጠርሙስም ለእኛ ጥራጊ ቢሆን ለእነርሱ ዕቃ ነው፤ እረኛው ውሃውን ይዞበት ይውላል፤ እናቱ ዘይት ወይም ላምባ ትገዛበታለች፤ አያቱ ጸበል ትቀዳበታለች። ስለዚህ ውሃውን ጠጥቶ የጨረሰ ብስክሌተኛ ጠርሙሱን ለሚፈልገው ልጅ ቢጥልለት ሁለቱም የተጠቀሙ ይመስለዋል፤ ከሩቅ ላየውም ነገሩ የዋህና ደግ ይመስላል።

እኔ ግን ከቅርብ አይቼዋለሁ። ከለሚ ወዲህ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሁለት ብስክሌተኞች ከፊቴ ይነዱ ነበር፤ ፊተኛው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አሳየና በግራ በኩል ካለው ማሳ ወደሚሮጡት ሁለት ልጆች ወረወረው። ጠርሙሱ ባዶ ነበርና ነፋሱ አንሥቶ መለሰው፤ አስፋልቱን መትቶ እየተንከባለለ ወደ መሀል ገባ። ሰባት ዓመት የሚሆነው ታናሽየው ዓይኑን ከጠርሙሱ ላይ ሳያነሣ ተከተለው። ከኋላችን የሚመጣው የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ፍሬኑን ያዘ፤ ጎማው ጮኸ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አየሩን ሞላው። እኅቱ የጋቢውን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ስትጎትተው ልጁ በጀርባው ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ወደቀ፤ ጠርሙሱን ጎማው ጨፈለቀው። ሾፌሩ ወርዶ ከመኪናው መወጣጫ ላይ ተቀመጠና የሚንቀጠቀጡ እጆቹን በጕልበቶቹ መካከል ይዞ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ሁለቱ ብስክሌተኞች ግን ዳገቱን ጨርሰው ተሰውረው ነበር፤ ወደ ኋላ አልተመለከቱምና በዚያች ቀን በጎ ሥራ እንደ ሠሩ አምነው ማታ እንቅልፋቸውን እንደ ተኙ አልጠራጠርም።

የነገሩ ክፋት በዚህ ላይ ነው፤ ወርዋሪው የወረወረውን ነገር ፍጻሜ አያይም። ልጆቹ ሲስቁና ሲሮጡ ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከጀርባው ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሾፌሩም አደጋውን አይቶ እግሩን ከፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ ቢያንስ አንዲት ሰከንድ ታልፋለች፤ በዚያችው ሰከንድ የሚሮጥ ሕፃን ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ ከመኪናው ፊት ይደርሳል። ሲሚንቶ የተጫነው መኪና ከዚያም በኋላ ለመቆም ብዙ ርቀት ይፈልጋል። ሕፃኑ በበኩሉ የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት አመዛዝኖ የመፍረድ ችሎታው ገና አልጸናም፤ ይህ በባላገርም በከተማም ለሚያድግ ልጅ ያው የሆነ የዕድሜ ነገር ነው፤ ዓይኑ ከሚወደው ነገር ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ ሌላውን አያይም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይበልጥ የሚገድላቸው የመንገድ አደጋ ነው። እንግዲህ ይህን እያወቁ ሕፃንን በከረሜላ ወደ አስፋልት መጥራት ምን ዓይነት ጽድቅ ነው?

ሁለተኛው ጉዳት ዘግይቶ የሚታይ ነው። የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ሁልጊዜ ከሚገኝ ዋጋ ይልቅ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ዋጋ ልማድን አጽንቶ ይተክላል፤ ዐሥር ብስክሌተኛ አልፎ አንዱ ብቻ ቢወረውርለት፣ ልጁ ለዐሥራ አንደኛው ከብቱን ትቶ ይሮጣል፣ ሃያኛውንም ትምህርቱን ትቶ ይጠብቃል። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንደሚባለው፣ መጀመሪያ በሳቅ የተለመነው ነገር ኋላ እንደ መብት ይጠየቃል፤ ያልሰጠ መንገደኛም የነጠቀ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ድንጋዩ ይመጣል።

ስለ ድንጋዩም ብዙ ሐሰት ተነግሯል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በሚደረገው ታላቅ የብስክሌት ጉዞ በጎጃም መንገድ ያለፉ እንግዶች በየማስታወሻቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት ድንጋይ እንደሚወረውሩ ጽፈዋል፤ መወርወራቸውም እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ «የዚያ አገር ልጆች ክፉዎች ናቸው፤ እንግዳ ይጠላሉ» ብሎ መደምደም የእረኛን ኑሮ አለማወቅ ነው። ለደጋ እረኛ ድንጋይ የሥራ መሣሪያው ነው፤ ያፈነገጠውን በሬ በድንጋይ ይመልሳል፤ ጭላዳውን ከገብሱ ማሳ በድንጋይ ያባርራል፤ ወፉን ከእሸቱ ላይ በወንጭፍ ያነሣል፤ ከፊቱ ፈጥኖ በሚያልፍ ነገር ላይም እጁ የለመደውን ያደርጋል። ይህን ስል ጥፋቱን ማቃለሌ አይደለም፤ በሚነዳ ሰው ላይ የተወረወረ ድንጋይ ሊገድል ይችላል፣ ወላጅና መምህርም ሊገሥጹት ይገባል። ይሁን እንጂ እኛ አዋቂዎቹ ከጎማ ላይ ሆነን ለልጁ እየወረወርን ልጁ መልሶ እንዳይወረውርብን ብንገሥጸው ተግሣጻችን ኃይል ከየት ያገኛል?

ሦስተኛው ጉዳት በወርዋሪው በራሱ ላይ ነው። ጠርሙሱን ለመወርወር አንድ እጁን ከመሪው ያነሣል፤ በአንድ እጁ የሚይዘው አንዱን ፍሬን ብቻ ነው፤ ዓይኑም ከመንገዱ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳ ባልንጀራ ካለ የጠርሙሱ መንገድ ስቶ ከጎማው ሥር መግባት ለሁለቱም ውድቀት ይበቃል።

ትዕግሥቴን የሚፈትኑት ግን ልጆቹም፣ የዋሁ ወርዋሪም አይደሉም፤ ይህን ምክር እያወቁ የሚያስተምሩት ናቸው። «ከረሜላ በኪሳችሁ ያዙ፤ ልጆቹ ሲመጡ በትኑላቸውና ሲሻሙ እናንተ እለፉ» ብሎ ለጀማሪዎች የሚመክር የጉዞ መሪ፣ ሕፃናትን እንደ ዶሮ በተበተነ ጥሬ እያዘናጋ የሚያልፍ ሰው፣ ከዚያም በልጆቹ ተከቦ የተነሣውን ፎቶግራፍ የርኅራኄው ምስክር አድርጎ የሚያሳይ ሰው የሕዝቡን ክብር አዋርዷል። ወንጌል ምጽዋት በስውር እንዲሆን ያዘዘው የተቀባዩን ክብር ጭምር ለመጠበቅ ይመስለኛል፤ ከፎቶግራፍ ጋር የሚሄድ ውርወራ ከንቱ ውዳሴ ከመሆን አያልፍም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ልጆቹን ከሩቅ ባየህ ጊዜ ፍጥነትህን ቀንስ፤ ጥቁር መነጽርህን አንሥተህ በዓይናቸው ተመልከታቸው፤ በአጠገባቸው አዋቂ ካለ «እንደምን ዋላችሁ» ብለህ እርሱን ቀድመህ ሰላም በለው፤ በሥራ ላይ ያለውንም ገበሬ «እግዚአብሔር ያበርታችሁ» በለው። ይህን ሰላምታ የተቀበለ ገበሬ ልጁ ድንጋይ ሲያነሣ ዝም ብሎ አያይም፤ ሰላም ሳይለው በጩኸት ያለፈውን ቡድን ግን ስለ ምን ብሎ ይጠብቀዋል? ባዶ ጠርሙስህን ይዘህ ከተማ ግባ። ለአገሩ መጥቀም ከፈለግህ ለሚ ላይ ወርደህ ምሳህን ብላ፣ ሻይህን ጠጣ፣ ዳቦና ሙዝ ከባለ ሱቁ ግዛ፣ ብስክሌትህን ለጠበቀልህ ወጣት የድካሙን ዋጋ ክፈል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ማበርከት ካሰብህም ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስረክብ፤ እርሱ የሚያስፈልገውን ልጅ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቤ ቍርጥ አላለም። ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ከመንገዱ ወጥቶ፣ ጠርሙሱን በእጁ ለአንድ እረኛ የሰጠ ሰው አጥፍቷል ልል እችላለሁን? አደጋው ተወግዷል፤ ሰጪና ተቀባይም ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ ሆኖም ልማዱ አይተከልም ብዬ መማል አልችልም። ለእኔ ለብቻው ላለ እረኛ ውሃ ያለበትን ጠርሙስ ከሰላምታ ጋር መስጠት ከሰው ለሰው የሚገባ ነገር ይመስለኛል፤ ልጆች ተሰብስበው ሲጮኹ ግን ቆሞም ቢሆን መስጠት አይገባም እላለሁ።

ተረት፦ ብስክሌተኛ መኪናን ፊት ለፊት እያየ በግራ በኩል ቢነዳ ይድናል።

እውነታ፦ ይህ ለእግረኛ የተሰጠ ምክር ነው፤ ለእግረኛም ደግ ምክር ነው፤ እግረኛ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ የሚመጣውን አይቶ ከመንገድ መውጣት ይችላልና። ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ነው። መኪናው በ60፣ ብስክሌቱ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሄዱ የሚቀራረቡት በ40 ነው፤ ፊት ለፊት ቢገናኙ ግን በ80 ይሆናል፤ ይኸውም ሾፌሩ ለማሰብ የሚያገኘውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሰዋል። ከኋላ የደረሰ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ መከተልና ተራ መጠበቅ ይችላል፤ ፊት ለፊት የተገናኘ ግን ይህ ዕድል የለውም። አገራችን ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ተሽከርካሪ በቀኝ እንዲነዳ ደንግጋለች፤ ሕጉ ብስክሌተኛውንም ይጨምራል።

ተረት፦ የፊት ፍሬን ይገለብጣልና አይነካም።

እውነታ፦ በድንገት ጨምቆ የያዘውን በእርግጥ ይገለብጠዋል፤ ፍርሃቱ የመጣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ጎማ ነው፤ የኋላው ብቻ ሲያዝ ጎማው ቆልፎ ይንሸራተታል። ከለሚ ወደ ጀማ ሲወረድ ሁለቱንም በልዝብታ እያፈራረቁ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ እያደረጉ መያዝ ይገባል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨምቅ ዓይነት ከሆነ ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬውን እያጋለ ከመነዳሪውን ሊያፈነዳው ስለሚችል፣ በየመካከሉ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ቍልቍለቱ የሚፈትነው የብስክሌተኛውን ትዕግሥት እንጂ ድፍረቱን አይደለም።

ተረት፦ መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ደወል ከደወልኩ ሰውም ከብትም ይልቀቅልኝ።

እውነታ፦ አህያና በግ የደወልን ትርጕም አልተማሩም፤ ከኋላቸው ድንገተኛ ድምፅ ሲሰሙ የሚደነብሩት ወደ መንገዱ መሀል ነው፤ በሽሽታቸውም የገበሬውን ጭነት ይጥላሉ። ባለቤቱን በቃል ተጣራ፤ እርሱ መንጋውን ወደየት እንደሚያጠጋ ያውቃል፤ እስኪያጠጋም ጠብቅ። በቀብር፣ በጥምቀትና በንግሥ ቀን ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ ነው። አባቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ፣ ታቦት ወይም አስከሬን ሲያጋጥማቸው ወርደው ቆመው ያሳልፉ ነበር፤ ክብርን የሚሰጠው ነጂው ሰው ነውና ብስክሌት መንዳቱ ከዚህ ሥርዓት ነጻ አያወጣውም። ውረድ፣ ራስህን ግለጥ፣ ሕዝቡ ካለፈ በኋላ ቀጥል።

ተረት፦ ካርታው በስልኬ ውስጥ ስላለ የአገሩን ሰው መጠየቅ አያስፈልገኝም።

እውነታ፦ ካርታ የመንገዱን መስመር ያሳያል፤ ትናንት ማታ ናዳ የዘጋውን፣ የክረምት ጎርፍ የሸረሸረውን፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑን አያሳይም። ይህን የሚያውቁት በየከተማው መግቢያ የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ባለ ሻይ ቤቶችና ከዚያው አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮች ናቸው። «ዛሬ አትሂዱ» ካሉ አለመሄድ ነው። ለሰው ነግሮ ያለፈ መንገደኛ ቢዘገይ የሚያስብለት አለ፤ ሳይናገር ያለፈውን ማን ይፈልገዋል?

ተረት፦ ብስክሌት የፈረንጅ ጨዋታ ነው።

እውነታ፦ ይህን የሚሉት የመንገዱ ዳር ሰዎችና አንዳንድ ሾፌሮች ናቸው፤ ብስክሌተኛውን እንደ እንግዳ ፍጥረት እያዩ እስኪነካ ድረስ ተጠግተውት የሚያልፉትም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮችዋ ጋር ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችዋን ልካለች፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ታላቁ የብስክሌት ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሾፌሩ በብስክሌተኛው አጠገብ ሲያልፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይለፍ፤ ተቃራኒው መስመር ባዶ ካልሆነም ተከትሎ ይጠብቅ። በዚያ ጎማ ላይ ያለው የሰው ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ልመናዬ አንድ ነው፤ እርሱም ለጉዞ መሪዎች ነው። ጀማሪው የሚሰማው እናንተን ነው፤ እናንተ በልማድ የተናገራችሁትን እርሱ እንደ ትእዛዝ ይዞት ይሄዳል። ሙከጡሪ ላይ ቡድናችሁን ሰብስባችሁ ጎማና ፍሬን ከመረመራችሁ በኋላ፣ ከመነሣታችሁ አስቀድሞ፣ ከማንም እጅ ምንም ነገር ወደ ሕፃን እንዳይወረወር በግልጽ ቃል እዘዙ፤ የታዘዘውን የጣሰውንም በዚያው ቀን ከጉዞው አስቀሩት። ከባድ ቅጣት ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጅዋን በአስፋልት ላይ ለምታነሣ እናት የምንመልሰው መልስ ስለሌለን፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ አስቀድሞ መምጣት አለበት።